ጊዮርጊስ ያመጣው ጎላ

ጎላው የመጣ ቀን ቤት የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ አውቀዋለሁ ብዬ ለመጻፍ መብት አለኝ። እናቴ በዚህ አትስማማም፤ «አንቺ ተቀበልሽው እንጂ ማዕረግ የሰጠሁት እኔ ነኝ» ትላለች። አባቴ ደግሞ ወሬው ሲነሣ መነጽራቸውን መፈለግ ይጀምራሉ። መነጽራቸው ሁልጊዜ ዓይናቸው ላይ ነው።

የሁዳዴ ጾም ነበር። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ደጃፍ ላይ ምስር እለቅማለሁ። አንድ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና የቢቸናን አቧራ ሁሉ ጠራርጎ መጣና በራችን ላይ ቆመ። በራችን ላይ መኪና ቆሞ ስለማያውቅ መጀመሪያ የመሰለኝ ተበላሽቶ ነው።

ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ይኼ ከጊዮርጊስ በታች ያለው ቆርቆሮ ቤት ነው?»

ቀና ብዬ ክዳናችንን አየሁት። «ነው።»

«በሩ ሰማያዊ?»

«ያውና፣ እያዩት!»

«የጸሐፊው ቤት?»

«አባቴ ናቸው።»

«እንግዲያስ ተቀበይ» አለና ከላይ በተቀመጡት ሁለት ወዛደሮች ላይ ጮኸባቸው። በጆንያ የተሰፋ ነገር እያቃሰቱ አወረዱ። ግቢያችን ውስጥ ሲያሳርፉት መሬቱ ድው አለ፤ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ።

«ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

አንዱ ወዛደር ወገቡን ይዞ፣ «እኔ ክብደቱን እንጂ ስሙን አልነገሩኝም» አለኝ። መኪናው ወደ ሞጣ አቅጣጫ ሄደ። እኔም ወደ ምስሬ ተመለስኩ፤ ግን ከዚያ በኋላ በለቀምኩት ምስር ተሠርቶ ጠጠር ያልተገኘበት ወጥ የለም።

እናቴ መጥታ ጆንያውን ዞረችው። በእግሯ ገፋ አደረገችው፤ አልተነቃነቀም። ከዚያ ቢላ አምጥታ ስፌቱን ተረተረችው። ጎላ ነበር። ጎላ ማለት መቼም የድግስ ድስት ነው፤ ይኼ ግን የድስቶች ሁሉ አያት ነበር። ወፍራም ጥቁር ብረት፣ ሁለት ጆሮ ያለው፣ ክዳኑ ብቻውን አንድ ሰው የሚያደክም። እኔ ራሴ ውስጡ ተደብቄ ክዳኑ ቢገጠም ተፈልጌ አልገኝም። እናቴ እጇን ውስጡ ከታ ዳርና ዳሩን ዳሰሰችውና ዝም አለች። እናቴ በቅዳሴ እንኳ ዝም አትልም።

ይህን ዝምታ ለመረዳት ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ጎረቤታችንን ማወቅ ያስፈልጋል። ጠጅ ቤት አላቸው። በሠፈራችን ጎላ የነበራቸውም እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ በሌሉበት «ባለጎላዋ» እንላቸዋለን፤ በፊታቸው ግን «እሜቴ» ናቸው። ክርስትናም ይሁን ተዝካር፣ ሠርግም ይሁን ማኅበር፣ ያለ ሳቸው ጎላ አይደገስም። ጎላው ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ጎላው ይቀድማል፣ በርጩማቸው ይከተላል፣ እሳቸው በመጨረሻ ይመጣሉ። በርጩማውን ምድጃው አጠገብ ያስደርጉና ማማሰያውን ከደጋሿ እጅ ይቀበላሉ። ይቀምሳሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በማጀቱ ያለች ሴት ሁሉ ትንፋሿን ትይዛለች።

«ጨው አንሶታል» ይላሉ።

እሳቸው ቀምሰውት ጨው ያላነሰው ወጥ በቢቸና ታይቶ አይታወቅም።

ድግሱ ሲያልቅም ነገሩ አያልቅም። የተዋሱትን ዕቃ ባዶውን መመለስ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው፤ አንድ ነገር ይዞ መመለስ አለበት። የተዋስሽው ወንፊት ከሆነ እፍኝ ሽሮ ጣል ታደርጊበታለሽ፤ ማንም አይቀየምም። ጎላ ከሆነ ግን የጎላውን ያህል ማሰብ አለብሽ። እናቴ በየድግሱ ሁለት ጊዜ ትደግስ ነበር፤ አንዱን ለእንግዳ፣ አንዱን ለጎላው።

ይህ ሁሉ ግን የእናቴ ችግር ነበር፤ እኔ እስቅበት ነበር። በዚያ ዓመት ሳቄ ቆመ። ባለጎላዋ ግንደወይን የወንድም ልጅ አላቸው፤ መሬት አለው፣ በሬዎች አሉት፣ እሳቸው እንደሚሉት ደግሞ «ድምፁ እንኳ አይሰማም»። አንድ ቀን ደብተር ይዤ ሳልፍ ከላይ እስከ ታች አዩኝና እናቴን እንዲህ አሏት።

«ይህች ልጅ ዘንድሮ ስምንተኛን ትጨርሳለች አይደል? እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ልትማር ነው? ወረቀት ወጥ አይሆንም።»

«ደብረ ማርቆስ ዘጠነኛ ልትገባ ነው የምትል፣ እሜቴ።»

«ትበል፤ ማለት ማን ከለከላት? ለሚያዝያው ጊዮርጊስ ጎላውን ልትወስጅ ስትመጪ ቁጭ ብለን እንጨርሰዋለን።»

የሚያዝያው ጊዮርጊስ የማኅበሩ ተራ የእኛ ነበር። እናቴ ቤት ገብታ ነጠላዋን ወረወረችው። «እምቢ ብላት ጎላውን ከየት አባቴ ላመጣ ነው? የማኅበሩን ሰው በጭልፋ ላብላው?»

ስለዚህ ያን ቀን ግቢያችን ውስጥ ጆንያው ሲከፈት ለሌላው ሰው ድስት ሊሆን ይችላል። ለእኔ የታየኝ ደብረ ማርቆስ ነው።

አባቴ ከሥራ ሲገቡ ጎላው ግቢ መሐል እንደ ተከሳሽ ቆሞ ጠበቃቸው። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ሲበዛም የቅኔ ቤት ሰው ናቸው። በእነዚህ ሁለት ነገሮች ምክንያት ቤታችን ውስጥ ጨው ጠፋ ሲባል እንኳ ክርክር ይከፈታል።

«ማን አዘዘው?» አሉ።

«እኔ አላዘዝኩ» አለች እናቴ።

«እኔም አላዘዝኩ። እንግዲያስ የእኛ አይደለም።»

«የማን እንደሆነም አይታወቅም።»

«አለመታወቁ የእኛ አያደርገውም።»

እኔም ገባሁበት። «አባባ፣ ሰውየው እኮ ጊዮርጊስን፣ ቆርቆሮውን፣ ሰማያዊውን በር፣ ጸሐፊውን ጠርቷል። ከዚህ በላይ ምን ይጥራ? ባይሆን እንኳ ለእኛ እንደ ታሰበ ያስቆጥራል።»

አባቴ በመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ባለፈው ሳምንት በሰንደቅ ዓላማው ሥር ስለ ሐቀኝነት ድርሰት ያነበበች ልጅ አንቺ አይደለሽም?»

ነኝ። መምህራችን ከሐረር ተመድበው የመጡ፣ የቢቸናን ብርድ የሚረግሙ፣ ድርሰቴን ግን የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ ጮክ ብዬ እንዳነበው አድርገዋል። «ሐቀኝነት ለሰው ልጅ የማይዝግ ጌጥ ነው» ይላል መጀመሪያው። በዚያ ድርሰት ውስጥ ስለ ጎላ የተጻፈ ነገር ስላልነበረ ክርክሬን ቀጠልኩ።

በመጨረሻ አባቴ ፈረዱ። የተገኘ ዕቃ በገበያ ቀን ይለፈፋል፤ ሕጉ ይኸው ነው።

«አብደዋል?» አለች እናቴ። «ጎላ ተገኘ ብለው ከለፈፉ የቢቸና ሰው በሙሉ ጎላ ጠፍቶበት ያድራል።»

ይህ እውነት ስለነበረ አባቴ ሌሊቱን አሰቡና መላ አመጡ። በገበያው ቀን አዋጅ የሚነገርበት ድንጋይ ላይ ወጥተው፣ «ከባድ ዕቃ የጠፋበት ሰው ምን እንደሆነ ተናግሮ ይውሰድ!» አሉ። ቃሉን የተናገሩት ግን ለራሳቸው በሚያነቡበት ድምፅ ነው፤ አጠገባቸው ጨው የሚሸጠው ሰው እንኳ «ምን አሉ?» ብሎ ጠይቋል። ሆኖም ሰው መጣ። አንዱ የወፍጮ ድንጋይ ጠፍቶኛል አለ። አንዱ በር ከነመቃኑ ተወስዶብኛል አለ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቀረቡና፣

«እኔ የጠፋችብኝ ሚስቴ ናት» አሉ።

«አባቴ፣ እኔ ያልኩት ከባድ ዕቃ ነው።»

«እሷንስ ተሸክመዋት ያውቃሉ? ብቻ ከተገኘች እዚያው ትቆይ፤ እንዳይቸኩሉ።»

ጎላ ያለ አንድም ሰው አልመጣም። አባቴ ተደስተው ይሁን አዝነው መለየት ባልቻልኩት ፊት ወደ ቤት ገቡ፤ «እንግዲህ ባለቤቱ እስኪገኝ በአደራ ይቀመጣል። አይነካም» አሉ።

አይነካም የተባለው ጎላ በጓዳው ጥግ ተቀመጠ። እናቴ ከጓዳ የምትፈልገው ነገር በዛ። አሥር ጊዜ ትገባለች፤ ስትወጣ እጇ ባዶ ነው። አንድ ቀን ጣቷን ቀስራ ይዛ አባቴ ፊት ቀረበች። ጣቷ ጫፍ ላይ ቡናማ ዱቄት አለ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለቻቸው።

«ምንድን ነው?»

«ዝገት! ብረት እሳትና ቅባት ካላየ ይዝጋል። ነገ ባለቤቱ ቢመጣ፣ አደራህን እንካ ብለው ዝገት ሊያስረክቡት ነው?»

አባቴ ረጅም ጊዜ አሰቡ። አደራን አለመንካትና አደራን ማበላሸት ሲመዘኑ የቱ ይከብዳል የሚለው የቅኔ ቤት ጥያቄ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ደግሞ ደስ ይላቸዋል። «መጠበቅ ካስፈለገ...» አሉ ቀስ ብለው፣ «መጠበቂያው እሳት ከሆነ...»

«እሳት ነው» አልኩ እኔ ፈጥኜ።

«...ለጥበቃ ያህል ይቻላል።»

ለጥበቃ ያህል በጊዮርጊስ ማኅበር ቀን አንድ ሙክት በጎላው ውስጥ ገባ።

በዋዜማው ባለጎላዋ ሲጠብቁ ቆይተው እናቴ ሳትመጣ ስትቀር ጊዜ ሠራተኛቸውን ልከው ነበር። «ጎላው ታጥቦ ተዘጋጅቷል፤ በርጩማውም ይኸው ይላሉ።»

«እግዜር ይስጥልኝ በያቸው» አለች እናቴ። «ዘንድሮ አላስቸግርዎትም በያቸው።» ይህን ቃል ለመናገር ስንት ዓመት እንደ ጠበቀች ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

በማግሥቱ ባለጎላዋ እንደ ማንኛውም እንግዳ መደብ ላይ ተቀመጡ። መደብ ላይ መቀመጥ አልለመዱም። ትንሽ ቆይተው ተነሡና ማጀት ገቡ። ጎላውን አዩት፤ የጣት ቀለበታቸውን ጫፉ ላይ አጋጩት። ደወል መስሎ ጮኸ፤ የእሳቸው እንዲህ አይጮኽም።

«ከየት መጣ?»

እናቴ ከማማሰያዋ ቀና አላለችም። «ጊዮርጊስ ነው የሰጠኝ» አለች።

ውሸት አልነበረም፤ ሾፌሩም መጀመሪያ የጠራው ጊዮርጊስን ነው። ግን ቃሉ ከማጀት ወጥቶ ጠላ ከሚቀዳበት ሲደርስ አደገ፤ ማኅበርተኛው ጋ ሲደርስ ክንፍ አወጣ። ቄሱ ተነሥተው ጎላውን ባረኩት። አንዲት ባልቴት ጆሮውን ዳስሰው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አሹት፤ ወዲያው ቀለለኝ አሉ። አባቴ እንደ ድንጋይ ደርቀው ቀሩ። የፍርድ ቤት ሰው ቤቱ ውስጥ ተአምር ሲደረግ ምን ብሎ መቃወሚያ ያቀርባል? ወጡ ደግሞ፣ ያለ አድልዎ ልናገር፣ ጨው አላነሰውም ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት በሕይወቴ ከፍ ብዬ የሄድኩባቸው ናቸው። የመንገዱን ማዶ እያየሁ አልፍ ነበር። ለሚኒስትሪ ፈተና ሳጠና እንኳ የደብረ ማርቆስን መንገድ ደብተሬ ዳር ላይ እሥል ነበር።

ባለጎላዋ ግን ጠጅ ቤት እንዳላቸው ረስተን ነበር። ከደጀን የሚመጣ ሾፌር ሁሉ የሚያርፈው እሳቸው ዘንድ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ፈገግ ብለው መጡ። የተሰጣቸውን መቀመጫ አቧራ በነጠላቸው ጠረጉ፤ ይህም አቧራ ስላለው አልነበረም።

«ልጄ፣ ጎላሽ ደኅና ከረመ?» አሏት እናቴን።

«ደኅና ነው፣ እሜቴ።»

«ሞጣ ናፍቆት እንደሆነ ብዬ ነው።»

የእናቴ እጅ ከያዘችው ስፌት ላይ ቆመ።

ባለጎላዋ ሳይቸኩሉ አወሩት። ጎላውን ከአዲስ አበባ የጫነው ሾፌር ሌላ ነው። ዓባይ በረሃ ሲወርድ ወባ ጣለውና ደጀን ላይ መኪናውን ለባልንጀራው አስረከበ፤ የየጭነቱንም አድራሻ እየተንቀጠቀጠ በቃሉ ነገረው። በእኛ አገር መቼም የሰው ቤት የሚፈለገው በታቦት ነው፤ ከእገሌ ማርያም በላይ፣ ከእገሌ ሚካኤል በታች ይባላል እንጂ ቁጥር የለም። ጊዮርጊስ ደግሞ ቢቸናም አለ፣ ሞጣም አለ። ጊዮርጊስ ከነቆርቆሮው፣ ከነሰማያዊ በሩ፣ ከነጸሐፊው በደኅና ደረሰ፤ ሞጣ የሚለው ብቻ ዓባይ ውስጥ ቀረ። አሁን ሞጣ ላይ አንዲት ሴት መኪናውን ባየች ቁጥር መንገድ ላይ ቆማ «ጎላዬን!» እያለች ሾፌሩን መድረሻ አሳጥታዋለች።

«እሱም የት እንዳወረደው ጠፍቶታል፤ በየመንገዱ ሲያወርድ ነው የሚኖር» አሉ። «እኔ ግን ምን ቸገረኝ? አፌ የራሴ ነው፤ ልክፈተው ልዝጋው። ከተዛመድን ደግሞ የዘመዴን ገመና ለማን እነግራለሁ? ጎላውም አይወጣም፤ ከቤት ወደ ቤት ነው። የወንድሜ ልጅ ፈተናዋ እንዳለቀ ሽማግሌ ይልካል።»

ተነሥተው ሲወጡ ጉንጬን ቆነጠጡኝ። «ለምን ፊትሽ ጠቆረ፣ የኔ ሙሽራ?»

በሩ እንደ ተዘጋ፣ «ይመለስ!» አልኩ።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። «ትናንት ‹ታቦት የሰጠውን መመለስ ድፍረት ነው› ስትይ የነበርሽው ልጅ የት ሄደች?»

«የሰው ሀቅ ነው፣ እማዬ! ሞጣ ላይ አንዲት ሴት መንገድ ላይ ቆማ እያለቀሰች!»

«ማን አለቀሰች አለሽ? ቆመች ነው የተባለው።»

ሮጬ ድርሰቴን አመጣሁ። አባቴ ሲገቡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው፤ «የማይዝግ ጌጥ» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ፤ በሰንደቅ ዓላማው ሥር ሳነበው እንኳ እንዲህ አላማረም። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ግሩም ድርሰት ነው» አሉ። «ለሁዳዴ ቢደርስ ኖሮ ደግሞ የበለጠ ግሩም ነበር።»

ከዚያ ሁለታችንም ወደ እናቴ አየን። ሕጉን አባቴ ያውቁታል፣ ድርሰቱን እኔ ጽፌዋለሁ፤ ጎላው ግን የማን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። ማዕረጉን ያገኘችው እሷ ናት። ከመለሰችው በርጩማው ነገ ተመልሶ ይመጣል፣ በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያም በኋላ። ጓዳ ገባች። ውኃና ሣር ስትጠይቀኝ ሰጠኋት፤ ጎላውን ስታሽ፣ ስትፍቅ፣ ቅባት ስትቀባ ቆየች። ስትወጣ ክንዷ እስከ ክርኗ ጠቁሯል።

«ድስት ነው» አለች። «ልጅ አይደለም።»

ሌላ ንግግር አላደረገችም። እኔ ይህንን ለመጻፍ ብሞክር ኖሮ ሁለት ገጽ ይፈጅብኝ ነበር።

እንግዲህ እንመልሰው ሲባል ሌላ ጣጣ መጣ። ብንጠብቀውም ሠርተንበታል፤ የተሠራበት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። አባቴ፣ «አልተዋስነውም እኮ፤ በስህተት ለመጣ ዕቃ ይህ ሥርዓት አይጸናም» ብለው ሊከራከሩ ጀመሩ። እናቴ አየት ስታደርጋቸው መነጽራቸውን ፈለጉ። በማግሥቱ ከጓዳችን ምርጥ ስንዴ ወጣ። ድፎ ዳቦ በላይ በላዩ እየተጋገረ ጎላው ውስጥ ተደረደረ፤ አንዱ ሲገባ ሌላ የሚገባ ይመስላል፤ ያ ጎላ ሆዱ አይታወቅም። አባቴ የስንዴውን ጎተራ እየነካኩ፣ «ባለቤቷ ገበያ ላይ መጥታ ብትወስደው ኖሮ አንድም ዳቦ አይወጣብን ነበር» አሉ በሐዘን።

መኪናው መጥቶ ጎላው ሲጫን ሠፈሩ ተሰበሰበ። ባለጎላዋም በደጃቸው ቆመዋል። እናቴ የመኪናው መሰላል ላይ አንድ እግሯን አድርጋ ዞር አለችና፣ አባቴ ገበያ ላይ ሊያወጡት ባልቻሉት ድምፅ ለፈፈች።

«ስሙኝማ! ይኼ ጎላ የሞጣ ሰው ጎላ ነው! በስህተት መጣ፣ ማኅበር አበላሁበት፣ ይኸው ለባለቤቱ እየመለስኩ ነው! የቀረ ወሬ ያለው ሰው ካለ አሁኑኑ ይናገር፤ መኪናው ሊሄድ ነው!»

ማንም አልተናገረም። ወገባቸው የቀለላቸው ባልቴት ብቻ፣ «ወገቤስ?» አሉ።

«ወገብዎ የራስዎ ነው፤ አልወስደውም!» አለች እናቴ። ባለጎላዋን አየኋቸው። አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ግን ውስጡ የቀረ ነገር አልነበረም።

ጎላውን መሐል አድርገን ተቀመጥን። መንገዱ ሲነሣ ሲወድቅ ክዳኑ እየዘለለ ጣታችንን ይቀጠቅጠናል። ግንደወይንን ስናልፍ ድምፁ የማይሰማውን ሰው ልየው ብዬ አንገቴን አሰገግኩ፤ አቧራ ብቻ ነው ያየሁት፤ ለእኔ በቃኝ።

ሞጣ ላይ ሴትየዋ እውነትም መንገድ ላይ ቆማ ነበር። መኪናውን ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፤ ጎላውን ስታይ እጇ ወረደ። ቤቷ ከጊዮርጊስ በታች ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ በሩ ሰማያዊ፣ ባሏ ጸሐፊ። ራሴን ቤቴ ደጃፍ ያገኘሁት መሰለኝ። እናቴ ነገሩን ሁሉ አንድም ሳትሸሽግ ነገረቻት። ሴትየዋ ክዳኑን አንሥታ ዳቦውን አየች፣ ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ ከዚያም ግድግዳ ይዛ ሳቀች።

«ለጊዮርጊስ ጃንጥላ ተስዬ ነበር፤ ይኸው አገኘልኝ!»

«የትኛው ጊዮርጊስ ነው ያገኘልሽ?» አለች እናቴ። «የእኛው ነው እንጂ! ጠብቆ ያቆየልሽ የቢቸናው ነው። ጃንጥላው ለቢቸና ይገባል።»

«እንዴ! ስለቱን የሰማው የሞጣው ነው!»

«የሞጣው ከሆነ ለምን መጀመሪያ ያስጠፋብሻል?»

እንዲህ እየተባባሉ በዳቦው ምሳ በላን። መሐል ላይ እናቴ ጎላውን ለምን እንዳዘዘችው ጠየቀቻት። ሴትየዋ ወደ ጎረቤቷ አጥር አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንዲት ባለጎላ አለችን፣ እህቴ፤ አትጠይቂኝ።»

«በርጩማ ይዛ ትመጣለች?»

«የኛይቱ ትራስም ትጨምራለች።»

እናቴ ዳቦ የያዘ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ እንባዋ ወረደ። ስንነሣ፣ ዳቦው የተሸፈነበትን ነጭ ጨርቃችንን ሴትየዋ ባዶውን ልትመልሰው አልቻለችም፤ በርበሬ ቋጠረችበት። «ድግስ ሲኖርሽ ላኪብኝ» አለች። «ጎላው መንገዱን ያውቀዋል። እኔ መምጣት አልችልም፤ መኪና ያስታውከኛል።»

እናቴ በመንገድ ሁሉ ይህንን አልረሳችም። ጎላ ያላት፣ መኪና የሚያስታውካት ሴት!

ሽማግሌው አልመጣም። የመጣ እንደሆነም እናቴ የምትፈራው ነገር አልነበራትም። እኔ ፈተናዬን አልፌ ደብረ ማርቆስ ገባሁ፤ ይህንንም የምጽፈው እዚያው ነው።

በዓመቱ ለጥምቀት ቤት መጥቼ ሳለ ባለጎላዋ መጡ። ግንደወይን ያለው የወንድማቸው ልጅ ሌላ ሙሽራ አግኝቷል፤ ሠርጉ ትልቅ ነው፤ አንድ ጎላ አይበቃም። መቀመጫውን ሳይጠርጉ ተቀመጡ።

«የሞጣዋን ወዳጅሽን ብትጠይቂልኝ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

እናቴ ስፌቷን አስቀመጠች። «ጎላው ይመጣል፣ እሜቴ» አለች። «ግን የሰው ዕቃ ነው፤ ብቻውን አይመጣም። እኔ አብሬው እመጣለሁ።»

በሠርጉ ዋዜማ ግንደወይን ስንገባ ጎላው ቀድሞን ከሞጣ ደርሷል። በርጩማዋን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ። ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩላት። እናቴ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እጇንም ዘረጋች። ባለጎላዋ ማማሰያውን አቀበሏት። ቀመሰች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ማጀቱ ጸጥ አለ።

እኔ ቀደም ብዬ በጣቴ ቀምሼው ነበር። ምንም የጎደለው ነገር አልነበረም።

«ጨው አንሶታል» አለች እናቴ።

የጨው ዕቃውን አቀበልኳት።